የወገብ ትጥቅ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፤ ከሳሙራይ አጭር ሰይፍ ጋር ሲነጻጸር

በአማርኛ «ታጠቀ» የሚለው ቃል ለገበሬውም ለወታደሩም ያገለግላል። መቀነቱን አጥብቆ ለሥራ የተነሣ ሰው ታጠቀ ይባላል፤ ጐራዴውን በወገቡ ያደረገም ታጠቀ ይባላል፤ የተሸነፈው ደግሞ ትጥቁን ፈታ ይባላል። የአፄ ቴዎድሮስም የፈረስ ስም አባ ታጠቅ ነበር። ሰው በወገቡ የሚያሥረው ብረት ከመሣሪያነቱ በላይ የሰውነት መለኪያ ሆኖ መቈየቱን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር መፈለግ አያስፈልገንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወገብ መሣሪያ በምሥራቃዊው ደቡብ ጐንደር፣ ማለት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ለታጣቂው ምን ዐይነት ክብር ይሰጥ እንደ ነበር፣ የሠራውስ ሰው ከዚያ ክብር ምን ያህል ይደርሰው እንደ ነበር መመርመር ነው። ለማነጻጸሪያ ጃፓንን ወስደናል። ይህን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ አገራችን ኋላ መቅረት ሲጽፉ ጃፓንን በምሳሌነት አንሥተዋል፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርቃቂው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ፊት ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አገሩን በዐይናቸው አይተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። እነዚህ ሊቃውንት የተመለከቱት ትምህርት ቤቱን፣ ፋብሪካውንና የመንግሥቱን ሥርዓት ነበር። እኛ ደግሞ ወደ ሰይፉ እንመለከታለን፤ ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው በምን ዐይን ይታይ እንደ ነበር የሚነግረን ሰይፉ ነውና።

ሳሙራይ የሚባለው የጃፓን ወታደር በቶኩጋዋ መንግሥት ዘመን (ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.) ሁለት ሰይፍ ባንድነት ይታጠቅ ነበር። ረጅሙ ካታና፣ አጭሩ ዋኪዛሺ ይባላል። የዋኪዛሺ ስለት ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የሚያንሰው ታንቶ የተባለው ጩቤ ነው። ሁለቱን ሰይፍ ባንድነት መታጠቅ የሳሙራይ ብቻ መብት ስለ ነበር፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ወገቡ ታይቶ ማንነቱ ይታወቃል። ነጋዴና ሌላው ከተሜ ግን አጭሩን ብቻ እንዲይዝ የተፈቀደበት ጊዜ ነበር። ሳሙራይ በእንግድነት ሰው ቤት ሲገባ ረጅሙን ሰይፍ በደጅ ያስረክባል፤ አጭሩ ግን ከወገቡ አይለይም። ወደ ሻይ መጠጫው ጐጆ ሲገባ ብቻ አጭሩንም ከውጭ ያስቀምጣል፤ በኛ አገር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መሣሪያውን ከውጭ እንደሚያኖረው ማለት ነው። የሳሙራይ ሴቶችም ካይከን የሚባል ትንሽ ጩቤ በልብሳቸው ውስጥ ይይዙ ነበር።

ይህ አጭር ሰይፍ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ነበር በ1701 እ.ኤ.አ. የሆነው ነገር ያስረዳል። አሳኖ ናጋኖሪ የተባለው መስፍን በኤዶ ቤተ መንግሥት ውስጥ ኪራ ዮሺናካ በተባለው ሹም ተናዶ አጭር ሰይፉን መዘዘና አቈሰለው። ቍስሉ አልገደለም፤ ነገር ግን በቤተ መንግሥት ሰይፍ መምዘዝ ራሱ የሞት ጥፋት ስለ ነበር አሳኖ በዚያው ቀን ሆዱን ቀድዶ እንዲሞት ተፈረደበት። ሴፑኩ የሚባለው ይህ ነው። ግዛቱም ተወረሰ፤ ጌታ ያጡት ሎሌዎቹም ኪራን ገድለው ደሙን ከመለሱ በኋላ በ1703 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዐይነት ሞት ተቀጡ። ሁሉም ነገር የተጀመረው ባንድ ክንድ ብረት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ መካከል ቆሟል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ወደ ደቡብ እስቴ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ገደል የሚወርደው ስማዳ ይገኛሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ወሎና ወደ ላስታ የሚወጣ ሠራዊት በጋይንት በኩል ጨጨሆን መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የሠራዊት መተላለፊያ ነው፤ የሠራዊት መተላለፊያ የሆነ አገር ደግሞ ሳይታጠቅ አይኖርም።

የአገሩ ሰው በወገቡ ያደርጋቸው የነበሩት መሣሪያዎች ስማቸውም መልካቸውም ልዩ ልዩ ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የቀለሰ፣ በጠላት ጋሻ ጠርዝ ላይ አልፎ እንዲወጋ የታሰበ ነው። ጐራዴ በመጠኑ ጐበጥ ያለ ነው፤ ሻምላ ቀጥ ያለ ነው። ከነዚህ የሚያንሰው ጩቤ ነው። ከሳሙራይ ጥንድ ሰይፍ ጋር ፍጹም የሚገጥም በኛ አገር የለም፤ የውጊያው ሥርዓት ይለያያልና። ሳሙራይ ጋሻ አይዝም፤ ሰይፉን በሁለት እጁ ይጨብጣል፤ አጭሩም መጠባበቂያው ነው። የቤጌምድር ተዋጊ ግን ግራ እጁን ለጋሻ ሰጥቶ በቀኙ አስቀድሞ ጦር ይወረውራል፤ ጐራዴው የሚመዘዘው ጦሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰውና ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። በአገልግሎቱ ከተመዘነ እንግዲህ የዋኪዛሺ ወንድም ጩቤው ሳይሆን ጐራዴው ነው ለማለት ይቻላል። ሁለቱም የመጨረሻው ርቀት መሣሪያዎች ናቸው።

አውሮፓውያን ተጓዦች በተደጋጋሚ የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ የኢትዮጵያ ወታደር ሰይፉን የሚታጠቀው እንደነሱ በግራ ሳይሆን በቀኝ ጐኑ መሆኑን። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። እኛ ግን የጋሻው ስፋት በግራ በኩል ከሰገባው ጋር እንዳይጋጭ ነው የሚለውን ሚዛን የሚደፋ ሆኖ አግኝተነዋል። ጋሻ ያልያዘው ሳሙራይ በግራው መታጠቁም ይህንኑ ያጠናክራል።

ማዕርጉስ? በዚህ ላይ ሁለቱ አገሮች ይቀራረባሉ፤ መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም። «ሳሙራይ» የሚለው ቃል ከማገልገል የወጣ ነው፤ በጌታው ፊት የሚቆም ሎሌ ማለት ነው። የኛም «ጨዋ» በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ንጉሡ በየአገሩ የሚያሰፍረው የጭፍራ ስም ነበር፤ ኋላ ግን ጠባዩ ያማረ፣ ዘሩ የታወቀ ሰው መጠሪያ ሆነ። (የቤተ ክህነት ሰዎች ግን ፊደል ያልቈጠረውን ሁሉ «ጨዋ» ይሉታልና ቃሉ በተማሪ ጆሮ ሁልጊዜ ምስጋና ሆኖ አይሰማም።) በሁለቱም አገር ብረት የታጠቀው ሰው ስም ከጭፍርነት ወደ ክቡርነት አድጓል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በጃፓን ሂዴዮሺ የተባለው ገዢ በ1588 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዐዋጅ የገበሬው ሰይፍ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ገበሬው በእርሻው፣ ሳሙራዩም በመስፍኑ ከተማ በሩዝ ቀለብ እንዲኖር ተደረገ። በቤጌምድር እንዲህ ያለ ዐዋጅ ጸንቶ አያውቅም። የጋይንት ገበሬ ክተት ሲታወጅ ስንቁን በአህያው ጭኖ፣ ያለውን መሣሪያ ይዞ ይወጣል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ተመልሶ ያርሳል። አራሹና ተዋጊው አንድ ሰው ነበር። መታጠቅን የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ልዩነቱ የሚታየው በመታጠቅና ባለመታጠቅ ሳይሆን በብረቱ ጌጥ ነበር። ባላገሩ ጦርና ዱላ ይዞ ይሄዳል፤ የባለጠጋው ጐራዴ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ሰገባው በቀይ ቆዳ የተለበጠ ይሆናል፤ የመኳንንቱ ደግሞ በብርና በወርቅ የተሠራ፣ ከንጉሥ እጅ ከለምድና ከቀሚስ ጋር የተሸለሙት ነው። ትልቁ ሰው ጋሻውን ራሱ አይሸከምም፤ ጋሻ ጃግሬው ይሸከምለታል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንደርሳለን፤ ይህን ብረት ማን ሠራው?

የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከወንዝ አሸዋ የተለቀመ የብረት ማዕድን ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ቀልጦ ከሚገኘው ብረት ነው። ከዚያ ውስጥ ጠንካራውንና ለስላሳውን በዐይኑ ለይቶ፣ እያጠፈ ደጋግሞ ይቀጠቅጠዋል። በመጨረሻም ስለቱን በስሱ፣ ጀርባውን በወፍራሙ ጭቃ ይለስነውና አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ጭቃው የሳሳበት ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ የወፈረበት ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ሳይሰበር የሚታጠፍ ሆኖ ይቀራል። ሠሪው ሥራውን ሲፈጽም ስሙን በብረቱ ጭራ ላይ፣ እጀታው በሚሸፍነው ቦታ ይቀርጻል። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ14ኛው መጀመሪያ የነበረው ማሳሙኔ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል፤ ስሙ ተቀርጾባቸው ከቀሩት ጥቂት ሥራዎቹም አብዛኞቹ አጫጭር ሰይፎች ናቸው። ጐቶባ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሰይፍ ሠሪዎችን ወደ ቤተ መንግሥቱ እየጠራ ራሱም ከነሱ ጋር ብረት ይቀጠቅጥ ነበር ይባላል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ብረት የሚሠራው ሰው «ቀጥቃጭ» ወይም «ጠይብ» ነው፤ ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ተብሎ ይታማል። ልጁን ለባለርስት ልጅ አይድርም። ሆኖም ያለሱ አንድ ቀን መኖር አይቻልም። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ዶማው፣ መጥረቢያው ሁሉ ከሱ ወናፍ የሚወጣ ነው፤ ዋጋውንም ብዙ ጊዜ በእህል ይቀበላል። የዚህ ንቀት ሥሩ የት ነው ቢባል፣ የቡዳው ተረት ምክንያት ሳይሆን ሽፋን ይመስለናል። በአገሩ ሰው የሚከበረው በርስት ነው። ርስት የሌለው ወይም የተነጠቀ ወገን የሚተርፈው በእጁ ሥራ መብላት ነው። በጐንደር በኩል የነበሩት ቤተ እስራኤል በዚህ መንገድ ከመሬት እየራቁ ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ እንደ ተገፉ የታሪክ ጸሓፊዎች ያስረዳሉ። መሬት ያጣው ብረት ሠራ፤ ብረት ስለ ሠራም ተናቀ፤ ስለ ተናቀም መሬት ሳያገኝ ቀረ። ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

በዚህ ዐይን የመኳንንቱን ወገብ እንመልከት። ሰገባውን የሰፋው ፋቂ ነው፤ ብሩን ያፈሰሰው አንጥረኛ ነው፤ በላዩ የሚለብሰውን ኩታ የሠራው ሸማኔ ነው፤ የሦስቱም የሙያ ስም በአገሩ ስድብ ነበር። ጌታው የሚከበርበትን ሁሉ የሠሩለት የማይከበሩት ናቸው። ስለቱ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከውጭ መጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጀርመኑ የዞሊንገን ከተማ ፋብሪካዎች የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሕፈት የተቀረጸበት የጐራዴ ስለት ለኢትዮጵያ ገበያ ይሠሩ ነበር። ብረቱ አማርኛ ይናገራል፤ የቀጠቀጠው እጅ ግን አማርኛ አያውቅም። የአገሩ ቀጥቃጭ ብረቱን ከነማረሻው ይዞ ቀረ።

ይህን ክብ ለመስበር የሞከሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ የሞከሩትም በዚሁ አገር ደጃፍ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርንና ሌሎችንም አውሮፓውያን ባለ እጆች ሰብስበው ምድጃ አሠሩ። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ስለ ነበሩ መድፍ ማፍሰስ አያውቁም ነበር፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ፈሰሰ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መንገዱም በጋይንትና በጨጨሆ ነበር። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ በየገደሉ መንገድ እየተቈፈረ፣ ሰረገላው በብዙ መቶ ሰው እየተሳበ ተጓዘ። በዚያ ጕዞ የነበሩ የውጭ ሰዎች እንደ መሰከሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉና ይሸከሙ ነበር። የጃፓኑ ጐቶባ በመዶሻ ያደረገውን አባ ታጠቅ በድንጋይ አደረጉት። ልዩነቱ ጐቶባ በጥሞና ዘመን በሚከበሩ ሠሪዎች መካከል ሆኖ ማድረጉ፣ አፄ ቴዎድሮስ ግን አገሩ በሸፈተባቸው፣ ጠላትም ከባሕር በመጣባቸው ሰዓት ማድረጋቸው ነው። ምሳሌነታቸው ለመዋል ጊዜ አላገኘም። በመንገዱ ዳር የነበረው የጋይንት ባላገርም ከሥራው ክብር ይልቅ የሠራዊቱን ቀለብና የእህሉን መዘረፍ ማሰቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ይህን ሞት ከሴፑኩ ጋር ማመሳሰል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለሳሙራይ በአጭር ሰይፍ መሞት ሥርዓት ያለው፣ ምስክር የሚቆምለት፣ አንዳንዴም በፍርድ የሚታዘዝ ነበር። በኛ አገር ግን ራሱን ለገደለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አትፈታም፤ የጀግና ብረትም ወደ ጠላት እንጂ ወደ ራስ አይዞርም። ሕዝቡ ግን ንጉሡን ሽጉጣቸውን እንደ ጠጡ አድርጎ በጀግንነት ነው የሚያስታውሳቸው። ሕጉ ሳይለወጥ አንድ ሰው ብቻ ከሕጉ ተለይቶ ተከበረ፤ ይህም በጃፓን ካለው ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው።

በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጃፓን የቶኩጋዋ መንግሥት ወድቆ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. አዲሱ መንግሥት ከወታደርና ከፖሊስ በቀር ማንም ሰይፍ ታጥቆ እንዳይወጣ ዐወጀ። ሳሙራዩ ትጥቁን ሲፈታ ሠሪው ግን መዶሻውን አልጣለም፤ እንደ ሴኪ ባሉ ከተሞች ሰይፍ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ቢላዋና ወደ ሌላ ስለት ሥራ ዞሩ። የሙያው ክብር ከሰይፉ ተላቅቆ መኖር ችሎ ነበር።

በቤጌምድር ሰይፍን ያስፈታው ዐዋጅ ሳይሆን ጠመንጃ ነው። ስናድርና ውጅግራ ሲበዙ ጐራዴው ለክብር ቀን ብቻ ቀረ። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በቤጌምድርና በወሎ አዋሳኝ ባለው በአንችም ሜዳ ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር ሲገጥሙ ከላይ አውሮፕላን መጥቶ ወረቀትም ቦምብም ጣለባቸው፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ወደቁ። በዚያ ቀን ጐራዴ የታጠቀ ሰው አልነበረም አንልም፤ ነገሩን የወሰነው ግን ወገብ ላይ ያለ ብረት አልነበረም።

ስለ ሠሪው የወጣው ዐዋጅ የዳግማዊ ምኒልክ ነው። በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ቆዳ የሚፍቀውን ሰው በሙያው መስደብ እንዲቀር አዘዙ፤ የሰደበ እንደሚቀጣም አስታወቁ። ዐዋጁ መልካም ነበር። ነገር ግን ስድቡ ከአፍ ቢወጣ ርስቱ ከባለርስት እጅ አልወጣም፤ ቀጥቃጩም በሰው መሬት ዳር ጐጆ ቀልሶ መኖሩን ቀጠለ። መሬት ለአራሹ የተባለው ዐዋጅ እስከ ወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ይህ መሠረት አልተነካም። የቃል ዐዋጅና የመሬት ዐዋጅ በሠሪው ኑሮ ላይ ያመጡትን ለውጥ ለይቶ ማጥናት ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው፤ በጋይንትና በስማዳ ገጠር ለሚሠራ ተማሪ ግን ሰፊ መስክ ነው።

የጋፋት አውሮፓውያን ከመቅደላ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃውም ጠፋ። ከነሱ አንዳንዶቹ ስለ ሥራቸው መጽሐፍ ስለ ጻፉ ስማቸውን እናውቃለን። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ሸክላውን የረገጡት የአገሩ ሰዎች ግን በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሚነሡት ባብዛኛው «ሠራተኞች» ተብለው በጅምላ ነው። ሴባስቶፖል ራሱ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።